ቦርከና በማይክሮስኮፕ ሥር

ባዮሎጂን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ የደረሰኝ ነው። የዚያን ጊዜ የከሚሴ ልጅ ጥሩ ውጤት ካመጣ ሕክምና ይላል፣ ሕክምና ካመለጠው ፋርማሲ ይላል። ባዮሎጂ ሲባል ግን «ታዲያ አስተማሪ ልትሆን ነው?» ይባል ነበር። ቤተሰቦቼ «አብሽር፣ ኸይር ነው» ብለው ወደ አራት ኪሎ ሸኙኝ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላብ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ስሷን የሽንኩርት ሽፋን በቆንጣጭ መግፈፍ፣ ስላይድ ላይ ዘርግቶ አዮዲን ጠብ ማድረግ፣ ከዚያ አረፋ ሳይገባ መክደን። ጋውኔ ከሲኒየር የተወረሰ ስለነበር ኪሱ ላይ የማላውቀው ሰው እስክሪብቶ ፈስሶበታል። መጽሐፉ ደግሞ ሁሉ ነገሩ የባሕር ማዶ ነው። የኦክን ዛፍ ግንድ ውስጡን ሳይቀር በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ዛፉን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የኛን የጨፋን ረግረግ፣ ቄጠማውን፣ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚመጣውን አርብቶ አደር የሚያነሳ ምዕራፍ አልነበረም። እንዲያ ሆኖ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ መውደድ ግን ይከብዳል።

የወደድኩት ፓራሲቶሎጂ ላይ ስንደርስ ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ እንቁላል ተቀምጦልናል፤ ሞላላ፣ ቢጫ ቢጤ፣ በጎኑ አንድ ሹል እሾህ የወጣበት። እሾሁ ጎኑ ላይ ከሆነ ሺስቶሶማ ማንሶኒ ነው፣ የአንጀቱ ቢልሃርዝያ። ጫፉ ላይ ከሆነ የሽንት ፊኛው ነው። ለስፖት ቴስት ይህን ብቻ ማወቅ ይበቃ ነበር። መምህራችን ግን በሽታው የሚገኝባቸውን የአገራችን ወንዞች ሲዘረዝሩ ቦርከናን ጠሩ። ከወንበሬ ቀና አልኩ።

ቦርከና እኮ የኛ መዋኛ ነው! ልብሳችንን ድንጋይ ላይ ጥለን ዘለን የምንገባበት። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለችው እጭ አንዲት ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ፈልጋ ትገባለች፤ እዚያ ውስጥ ከተራባች በኋላ ልጆቿ ጭራቸው መንታ ሆኖ ይወጡና የሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ካደጉ በኋላ ወንዱ ሴቷን ሰውነቱ ላይ ባለ ቦይ አቅፎ በአንጀት የደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ይህን ሲሰሙ ከኋላ የተቀመጡት «ፍቺ የለም በለና!» ብለው ክፍሉን በሳቅ አናጉት።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። እነዚያ ባለ መንታ ጭራዎች ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ስትበረታ፣ ቀትር አካባቢ ነው። አያቴ ደግሞ «በቀትር ወንዝ አትግቡ፣ ጅን አለ» ሳትለን የዋለችበት ቀን የለም። የከሚሴ ሙቀት ባለበት በቀትር ካልዋኙ መቼ ሊዋኙ ነው? አልሰማናትም። ከመካከላችን ሆዱን እየቆረጠው፣ ደም እየተቀላቀለበት የከረመ ነበር፤ ጅኑ ባለ ጭራ መሆኑን ግን የነገረን አልነበረም። በሚቀጥለው እረፍት ለአያቴ ሳጫውታት ምንም አልገረማትም። «ብያችሁ ነበር» አለችና ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።

ዶክተር አክሊሉ ለማንም ያወቅኳቸው በዚያው ኮርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያያሉ። ቀንድ አውጣ ከሌለ የትሉ ሰንሰለት ይበጠሳል። ከዚያች ምልከታ ተነስተው ለዓመታት እንዶድን መረመሩ፤ በ1989ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። የእንዶድ አረፋ ያላየ የወሎ ልጅ የለም፤ ነጠላ ሲያነጣ እንጂ ቀንድ አውጣ ሲገድል አላየነውም። እኔ እስከ ዛሬ ለጀማሪ ተማሪ ከዲኤንኤ በፊት ይህን ታሪክ ብነግረው እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ለእረፍት ስገባ ሰው ማስተማር አበዛሁ። አጎቴ ማሽላው መሐል የበቀለውን ሐምራዊ አበባ፣ አቀንጭራን፣ እየተራገመ ሲያርም አገኘሁትና ገለጻዬን ጀመርኩ። ዘሩ ከአቧራ የማይተልቅ መሆኑን፣ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ እንደሚነቃ፣ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ እንደሚመጠምጠው ዘረዘርኩለት። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙበት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በዚህ ኬሚካል እውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። አጎቴ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«መቼ ነው ዘር የሚጥለው?»

«አበባው ሲደርቅ።»

«እንግዲያው ሳይደርቅ ጎንበስ በልና ንቀል፣ እየነቀልክ አውራኝ።»

እስከ ዐስር ሶላት ስንነቅል ዋልን።