ሰንጢዬ፣ ጣቴና ልጅቷ

ሰንጢ የያዘ ጎረምሳ ሁሉ ዱርዬ ለሚመስላችሁ ከወዲሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሽቦ የምልጠው፣ ካርቶን የምከፍተው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብርቱካን የምቆርጠው በሷው ነው።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት መርካቶ ነው። ምን ያልነበረው ነገር አለ! ማንኪያ፣ ሹካ፣ መቀስ፣ የቡሽ መንቀያ... አስራ አንድ ነገር ቆጥሬበታለሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሙሉ ቤት ማለት ነው» ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። ሳልከራከር ከፈልኩ። (ውሸቴን ነው፣ ተከራክሬያለሁ። ግን ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ዕቃው አልነበረም።)

በሦስተኛው ሳምንት መሰላል ላይ ቆሜ ሽቦ ስልጥ ስለቱ ተመልሶ ሌባ ጣቴ ላይ ታጠፈላችሁ። አራት ስፌት! የምበላው በቀን ሥራ ነውና አስር ቀን ሙሉ ያለ ገቢ ተቀመጥኩ። የቤት ኪራዩን እህቴ ከፈለችልኝ። እስከ ዛሬ ባየችኝ ቁጥር «ጣትህ እንዴት ነች?» ትለኛለች። ብሯን መጠየቋ መሆኑ አልጠፋኝም።

ለካስ መጀመሪያ የሚታየው መቆለፊያው ኖሯል! አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ጋሼ የራሳቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የእንጨት እጀታ ያለው ኦፒኔል ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሳቯ በሚባለው ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. በ1890 የተጀመረ። ከ1955 ወዲህ አንገቱ ላይ የምትዞር ቀለበት አለችው፤ ዞር ካደረጓት ስለቱ ንቅንቅ አይልም። ማንኪያ የለ፣ መቀስ የለ!

«ቀዩ የስዊስ ሰንጢስ?» አልኳቸው።

«መቀሱም ካቻቢቴውም ደህና ይሠራል። ትንሹ ግን ስለቱን የሚይዘው ስፕሪንግ ብቻ ነው፣ አይቆለፍም። ለቢሮ ሰው ይሁን፤ ላንተ ጣት ግን አልመክርም» ብለው ሳቁብኝ። የእሳቸው ካርቦን ብረት ስለሆነ ቶሎ ይሳላል፤ ሎሚ ቆርጠው ሳይጠርጉት ካደረ ግን ይዝጋል። ለእንደኔ ዓይነቱ ዝንጉ የማይዝገው ይሻላል አሉኝ።

እንደሳቸው ያለውን ባላገኝም ተመልሼ መርካቶ ወረድኩ። ስለቱን ከፍቼ ግራና ቀኝ እነቀንቃለሁ፣ ከተወዛወዘ እመልሳለሁ። ቆልፌ ጀርባውን እጫናለሁ፣ ጣቴን አርቄ! ሻጮቹ ሰለቹኝ። በመጨረሻ ከመጀመሪያው እጥፍ ከፍዬ አንድ ስለት ብቻ ያላት፣ የምትቆለፍ ገዛሁ። ይኸው ሁለት ዓመቷ፣ ጣቴም ደህና ነው።

ጣጣው በሌላ በኩል መጣ እንጂ። አንድ ቅዳሜ ከአንዲት ልጅ ጋር ሲኒማ ልንገባ ስንል ፈታሹ ሰንጢዬን ከኪሴ መዘዛት። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ለሥራ ነው» ብዬ ጠባሳዬን ባሳያት ጭራሽ ባሰባት! «ተደባድበህ ነው?» አለችኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ፈታሹ ሰንጢዬን መለሰልኝ። እሷ ግን ታክሲ እስክትይዝ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንጢዬን መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ትቼ ነው የምወጣው። ልጅቷ እስካሁን አልደወለችም።