ሞተ የተባለው ራውተር

አንድ ዕቃ ሥራውን ባቆመ ጊዜ «ሞቷል» ብሎ መፍረድ በመካከላችን የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን፥ በዛሬው ጽሑፋችን አልነሣም ስላለ አንድ ራውተር ጥቂት ለመናገር አስበናል። «የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ከመሣሪያ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን ቢኖር መልሱን ወደ መጨረሻው ያገኘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢው ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር አምስት ተማሪዎች፥ ከኪሳችን አዋጥተን በገዛነው ራውተር እንገለገል ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ሲቀረን፥ ራውተሩ ሶፍትዌሩን በማደስ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ራውተሩ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም አልሠራ አለ። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታልና፥ ያየው ሁሉ «ጣሉት፥ ሌላ ግዙ» አለን። የወሩን የምግብ ገንዘብ ለሌላ ራውተር ማዋል ግን ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ከመፍረዳችን በፊት ምርመራ ያዝን። መጀመሪያ ያየነው አዳፕተሩን ነው፤ የደከመ አዳፕተር ጤነኛውን ራውተር ሙት ሊያስመስለው ይችላልና። ቮልቱ እኩል፥ አምፔሩም በቂ የሆነ ሌላ አዳፕተር ሰክተን ሞከርን፤ ለውጥ አልመጣም። ጉዳቱ በሶፍትዌሩ ላይ መሆን አለበት አልን።

በራውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድነት ተደባልቆ አልተጻፈም። በመጀመሪያው ቦታ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ሥራውም ትልቁን ሶፍትዌር መቀስቀስ ነው። እድሳት ሲደረግ ብዙውን ጊዜ የሚነካው ይኸው ትልቁ ነው፤ ቡትሎደሩ እንዳለ ይቀራል። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ዘበኛው በበሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ይህም ዘበኛ በተለይ ከጠሩት፥ የሚያድነውን ፋይል ከቅርብ ኮምፒዩተር ይለምናል።

የአጠራሩን ሥርዓት በቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ከአምራቹ መመሪያ አነበብን። ላፕቶፕ በኬብል አገናኝተን፥ ለእኛው ራውተር በታዘዘው መሠረት አድራሻውን 192.168.0.66 አደረግነው። ለሞዴሉና ለቨርዥኑ ልክ የሆነውን ፋይል መመሪያው በሚያዘው ስም አስቀመጥን፤ ፋይል የሚያቀብለውን የቲኤፍቲፒ ፕሮግራምም ከፈትን። ከዚያ የሪሴት ቁልፉን በስክሪብቶ ጫፍ ተጭነን ሳንለቅ ራውተሩን አበራነው።

ሁለት ጊዜ ዝም አለን። የላፕቶፑ ፋየርዎል መንገድ ዘግቶ ኖሯል። እሱን አጥፍተን በሦስተኛው ስንሞክር፥ ራውተሩ ፋይሉን ሲጠይቅ በስክሪኑ ላይ አየን! ከዚያ ማንም እንዳይነካው ተማምለን፥ መብራት ዳግመኛ እንዳይጠፋ እየጸለይን ተቀመጥን። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መብራቶቹ በየተራ በሩ። ይህ ባይሳካ ኖሮ ክዳኑን ከፍቶ በሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ቡትሎደሩን በቀጥታ ማነጋገር የሚባል ሌላ መንገድ ነበር፤ ብዙዎቹ ራውተሮች በዚያ በኩል የሚችሉት 3.3 ቮልት በመሆኑ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ለመሆኑ ይህን ዕውቀት ማን አቆየልን? የቲኤፍቲፒ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1981 ለማንም አንባቢ ክፍት ሆኖ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ የደብልዩአርቲ54ጂ ራውተሩን የሶፍትዌር ምንጭ ለሕዝብ አወጣ፤ ሶፍትዌሩ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ስለሆነ የጂፒኤል ፈቃድ ያስገድደው ነበርና። ከዚያም ምንጭ ተነሥቶ በ2004 ኦፕን ደብልዩአርቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ሰዎች የተበላሸ ራውተር ስለሚነሣበት ዘዴ ያወቁትን እየጻፉ ለማያውቋቸው ሰዎች አስቀምጠዋል።

ያ ሁሉ የሚገኘው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ለአርት ፋኩልቲ ተማሪ የሚተርፈው ድርሻም እዚህ ላይ ነው፤ አጥብቆ ማንበብና ያነበቡትን በገዛ ቋንቋ መጻፍ የተማርነው ሙያ አይደለምን? በየዶርሙ መጣያ የሚወረወረው ራውተር ሁሉ በድን አይደለም፤ የሚጠራውን የሚጠባበቅም ይኖርበታል። ስለዚህ ከሳይንስ ፋኩልቲ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምታውቁትን አቀብሉን፤ እኛ ደግሞ ማንም ሊረዳው በሚችል አማርኛ ጽፈን በዚሁ መጽሔት ለማውጣት ቃል እንገባለን።