ደብተር ተቀምጦ፣ ሰው ቆሞ

ፈተና ሲቃረብ በስድስት ኪሎ ግቢ ከፈተናው የሚቀድም ሌላ ፈተና አለ፤ የሚጠናበት ቦታ ማግኘት። ዶርም እንዳይጠና አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ሌላው ወሬ ይዞ ከች ይላል።

ኬኔዲ ላይብረሪ ጸጥታ ለሚወድ ሰው ይመቻል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን የሬዲዮ ዜና ጮክ ብለን መለማመድ አለብን፤ እዚያ ማን ያስጮኸናል? እኔ ለዚህ የዛፍ ጥላ መርጫለሁ። ግቢው በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከመመረቁ በፊት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስለነበር፣ ዕድሜ ለአትክልቱ፣ ጥላ አይጠፋም። ማታ ደግሞ ባዶ ክፍል ፈልጎ ከጓደኛ ጋር እየተጠያየቁ ማጥናት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ወንበር በደብተር ይዞ መጥፋት ነው። ባለፈው ሴሚስተር፣ በፈተና ዋዜማ፣ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ስታነብ አየሁ። አጠገቧ ሦስት ወንበር ላይ ሦስት ደብተር ተቀምጧል። ባለቤቶቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ እየሳቁ መጡ። እሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ነገ ግን የምትፈተነው ከነሱ እኩል ነው።

ወገን፣ ሻይ ልትጠጣ ስትነሳ ደብተርህንም ይዘህ ተነስ። መልካም ጥናት!