አንዲት ፊደል፣ አንድ ጉበት

 

ቁርኣን ቤት ሉሕ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ይህችን ስሕተት ያውቃታል። ሕፃኑ «ቀልብ» ማለት ሲገባው ጉሮሮው ይሰንፍና «ከልብ» ይላል፤ ልብ የነበረው ውሻ ሆኖ ቁጭ ይላል። ኡስታዛችን እንዲህ ሲሆን እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙን ነበር፤ ፊደሏ ሳትስተካከል ወደሚቀጥለው መስመር መሄድ የለም። እኛም ጧት እዚያ፣ ከሰዓት በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን አደግን። ዛሬ ባዮሎጂ እናስተምራለን። ተማሪዎቻችን ስለ ዲ ኤን ኤ ሲጠይቁን መልሳችን ሁልጊዜ ከዚያች «ቀልብ» ይጀምራል።

ነገሩ ግን የክፍል ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጎታችን ዓይን ቢጫ ሆነ። ሰፈርተኛው «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ እኛም ተማርን ባዮቹ አብረን «የወፍ በሽታ ነው» አልን። ሆዳቸው ተነፍቶ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የጉበት ካንሰር መሆኑ ተነገረን። ሁለት ወር አልቆዩም። አላህ ይዘንላቸው። ከምን እንደመጣባቸው የነገረን የለም፤ ከተዕዚያው በኋላ ግን ማንበብ ጀመርን።

ስናነብ ደጋግሞ የገጠመን ስም የቱርኩ ተመራማሪ የፕሮፌሰር መሕመት ኦዝቱርክ ነው። እኒህ ሰው በቦስተን፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከደቡባዊ አፍሪካ ሕሙማን የተወሰዱ የጉበት ዕጢዎችን መረመሩ። ያተኮሩት ፒ 53 በተባለው ጂን ላይ ነበር። ይህ ጂን የሴል ዘበኛ ነው፤ ሴሉ ጉዳት ሲደርስበት እንዳይባዛ ያቆመዋል፣ ጉዳቱ ከከፋም እንዲሞት ያዘዋል። የዲ ኤን ኤ ጽሑፍ በአራት ፊደላት ብቻ ይጻፋል፤ የሚነበበውም ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ ነው። በዚህ ዘበኛ ጂን 249ኛ ቦታ ላይ «ኤ ጂ ጂ» መባል የነበረበት በአንዳንዶቹ ዕጢዎች «ኤ ጂ ቲ» ሆኖ ተገኘ። አርጂኒን ሊገባበት በሚገባው ስፍራ ሴሪን ገባ። ቀልብ ከልብ ሆነ፤ ዘበኛውም በር ላይ እያለ ሥራውን ተወ።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። በዚያው እትም ሌላ ቡድን ከቻይናዋ ቺዶንግ 16 ዕጢዎችን መርምሮ በ8ቱ ላይ ያችኑ ስሕተት ማግኘቱን ገለጠ። ኦዝቱርክና ተባባሪዎቻቸው በዚያው ዓመት ከ14 አገሮች የተሰበሰቡ 167 ዕጢዎችን ሲያዩ ግን ስሕተቷ በ12ቱ ብቻ ተገኘች። ቁርኣን ቤት ቢሆን ኡስታዙ «ይህን ማን አስተማረህ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ልጁ የት እንደቀራ ከስሕተቱ ይታወቃላ!

የዚህች ስሕተት አስተማሪ አፍላቶክሲን ነው፤ በኦቾሎኒ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ። የሚያስገርመው፣ መርዝ ማርከስ ሥራው የሆነው ጉበት ይህን ሊያረክስ ሲል ይበልጥ ያሾለዋል። የሾለው መርዝ ከጂ ፊደል ጋር ይጣበቃል፤ ሴሉ ሲባዛም በጂ ፈንታ ቲ ይጻፋል። ብቻውን ቢሆን እንኳ መጥፎ ነው፤ ከሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሻንግሃይ 18,244 ወንዶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በአፍላቶክሲን ብቻ የተጋለጠ ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 3.4 እጥፍ፣ ቫይረሱ ብቻ ያለበት 7.3 እጥፍ ሲሆን፣ ሁለቱ የተገናኙበት ግን 59 እጥፍ ነበር።

ኦዝቱርክ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በአንካራው ቢልከንት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ከዚያም የኢዝሚርን የባዮሜዲሲንና የጂኖም ማዕከል በመሥራች ዳይሬክተርነት መሩ። ቢልከንት ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቡድናቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ አላረጅም ብለው የሚባዙ የጉበት ካንሰር ሴሎች መልሰው ሊያረጁና መባዛት ሊያቆሙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ይህ መድኃኒት አይደለም። ቢሆንም ሌሊቱን ቁጭ ብለን አነበብነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ባቢሌ ያሉ ዘመዶቻችን በየዓመቱ አንድ ጆንያ ኦቾሎኒ ይልኩልናል። ባቢሌን ጨምሮ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች ተመርምረው በ93ቱ አፍላቶክሲን መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እናታችን ደግሞ የሻገተውን በጨርቅ ጠርጋ፣ ፀሐይ አስመትታ ትቆላዋለች። ቁላት መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። ይህን በአስተማሪ አንደበት ስንነግራት፣ ያውም ልጆች ባሉበት፣ ፊቷ ተለወጠ። «ሪዝቅ አይጣልም። በችግር ጊዜ ያሳደግኋችሁ በዚህ ነው» አለች። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ አነጋገራችን ትክክል አልነበረም።

በማግሥቱ ራሷ ጠየቀችን። «ታዲያ ለዶሮዎቹ ልስጠው?» እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ ያለቁት በሻገተ የኦቾሎኒ መኖ እንደነበርና መርዙም የታወቀው በዚያ ሰበብ እንደሆነ ነገርናት። «ለላሚቱስ?» ወደ ወተቱ ይገባል አልናት። ዝም ብላ ቆየችና የአጎታችንን ልጅ ጠራችው። ይህ ልጅ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርግ ብንለው አሻፈረኝ ያለ ነው። እጮኛ አለው፤ «ቢገኝብኝ ኒካሑ ይፈርሳል» ይላል። ቫይረሱ በደምና በግንኙነት፣ ከእናትም ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። እጮኛው ክትባት መውሰድ እንደምትችል ብናስረዳውም አልሰማን። ሕፃናቶቻችን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ከሌሎች ክትባቶች ጋር ሲከተቡት እሱ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው።

እናታችን ጆንያውን እግሩ ሥር አስቀመጠችና «እኔ ይህን እጥላለሁ፤ አንተ ትመረመራለህ» አለችው።

ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ለቀምን፤ የሻገተው፣ የጨማደደውና ቀለሙ የተለወጠው ከጆንያው ሲሶ ያህል ወጣ። ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው። ሰኞ ጧት አብረነው ሄድን። ነጻ ነው። ከሦስቱ የክትባት መርፌዎች የመጀመሪያውን በዚያው ሳምንት ወሰደ።