ሰሙ የማን ነው?

አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የሞባይል ሱቆች በአንዱ የስልኬን የተሰነጠቀ መስታወት ላስቀይር ቆሜ ነበር። ሱቅ ማለቴ ለአክብሮት ነው እንጂ አንድ የመስታወት ሳጥን፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ አምፖልና አንድ ወጣት ነው። ወጣቱ መርፌ በምታክል መፍቻ የስልኬን ሆድ ሲጎረጉር፣ እኔም እንደ ልማዴ ወሬ ስጎረጉር ቆየንና፣ ድንገት ሦስት ስልኮች ከመሳቢያ አውጥቶ ፊት ለፊቴ ደረደረልኝ።

«ቲቸር፣ እስቲ የቱ ነው ኦርጂናሉ?»

ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም ልሙጥ፣ የሦስቱም ጥግ ተሞርዶ የተድበለበለ። መጀመሪያ መሐለኛውን ጠቆምኩ፤ ልጁ ሳቀ። ቀጥዬ የቀኙን ጠቆምኩ፤ ይባስ ብሎ ሳቀ።

«ስልክ በፊቱ አይታወቅም ቲቸር። ሆዱ ካልተከፈተ እኔም አልለየውም።»

ሃያ ዓመት ገደማ የተማሪ ድርሰት ሳርም የኖርኩ፣ የተቀዳውን ካልተቀዳው በሽታው እለያለሁ እያልኩ የምኩራራ ሰው ነኝና ነገሩ ከነከነኝ።

ያጽናናኝ አንድ የፍርድ ቤት ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ አፕል ሳምሰንግን በከሰሰበት ችሎት ዳኛዋ ሉሲ ኮ የሁለቱን ድርጅቶች ታብሌቶች በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙና የሳምሰንግን ጠበቃ «የደንበኛዎ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት ሜትር ያህል ርቀው የቆሙት ጠበቃ ከዚህ ርቀት መለየት እንደማይችሉ ተናገሩ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ የሳምሰንግ ጠበቃ ለየው። እንግዲህ ለክርክሩ የተቀጠረ ጠበቃ ካልለየ፣ እኔ በፖስታ ቤት አምፖል ባልለይ ምን ይፈረድብኛል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ፓተንት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሞተር፣ መድኃኒት፣ ወይም አንድ የረቀቀ መላ ነው። የንድፍ ፓተንት የሚባለው ግን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ አያገባውም፤ የሚጠብቀው መልኩን ነው። አፕልም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 ፍርድ ቤት ሲሄድ ካቀረባቸው አቤቱታዎች ዋነኛው «መልኬን ወሰደብኝ» የሚል ነበር። ልሙጡ የፊት መስታወት፣ የተድበለበለው ጥግና ጠርዝ፣ እንደ ገበጣ ጉድጓድ በረድፍ የተደረደሩት ትንንሽ ሥዕሎች የኔ ናቸው አለ። ሳምሰንግ ደግሞ ጥጉ የተድበለበለ አራት ማዕዘን የማንም ርስት አይደለም ሲል ተከራከረ፤ በታብሌቱ ክርክር እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ የጠፈር ፊልም ጠቅሶ «ይኸው፣ በዚህ ውስጥ የሚታየው ምንድን ነው?» እስከ ማለት ደርሷል። ሁለቱ እንዲህ ሲካሰሱ ሳምሰንግ ለአፕል ስልኮች ቺፕ ይሠራ ነበር። በድንበር ተካሰው ችሎት ከዋሉ በኋላ ማታ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች እኛ አገር ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 የሳን ሆዜ ዳኞች (እዚያ ተራ ዜጎች ናቸው የሚፈርዱት) ሳምሰንግ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይክፈል አሉ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ግን አንድ ዳኛ የሳምሰንግ ታብሌት የአፕልን ያህል የሚያምር አይደለምና አልቀዳም ብለው ፈርደዋል። ሳምሰንግ «አስቀያሚ ነህ» ተብሎ የረታበት ክርክር ነው፤ ደስ ይበለው ይክፋው እንጃ።

የገንዘቡ መጠን ከየት መጣ? ከምንጣፍ። እ.ኤ.አ. በ1885 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምንጣፍ ንድፍ ለተሰረቀባቸው ሰዎች ስድስት ሳንቲም ብቻ ይበቃቸዋል ብሎ ነበር። ሠሪዎቹ ቢጮኹ፣ ምክር ቤቱ በ1887 ንድፍ የቀዳ ሰው ከዚያ ዕቃ ያገኘውን ትርፍ በሙሉ ይመልስ የሚል ሕግ አወጣ። ለምንጣፍ ይህ ፍርደ ገምድል አይደለም፤ ምንጣፍ ሰው የሚገዛው በመልኩ ነው። ስልክ ግን በመልኩ ውስጥ ባትሪ፣ ካሜራ፣ አንቴና፣ ስንትና ስንት ጉድ አለው። ለጥጉ ሲባል የሆዱ ትርፍ ሁሉ ይወሰዳል ወይ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በሙሉ ድምፅ «የዕቃው አንድ ክፍል ትርፍ ብቻም ሊሆን ይችላል» አለና ነገሩን ወደ ታች መለሰው። በግንቦት 2018 ሌሎች ዳኞች 539 ሚሊዮን ዶላር ወሰኑ፤ በወሩ ሁለቱ ታረቁ። ሰባት ዓመት!

ከዚህ ሁሉ ክርክር እኔን የያዘኝ አንድ አሮጌ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 በብር ማንኪያና ሹካ እጀታ ጉዳይ የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት «መመሳሰሉን የሚፈርደው የባለሙያ ዓይን አይደለም፤ የተራ ገዢ ዓይን ነው» ብሎ ነበር። ተራው ገዢ፣ ገዢ በሚያደርገው ጥንቃቄ አይቶ አንዱን ሌላ መስሎት ከገዛ፣ ንድፉ ተሰርቋል።

ተራ ገዢ ማን ነው? እኔ የማውቃት ተራ ገዢ ታላቅ እህቴ ናት። መቂ ሽንኩርት ትነግዳለች። በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ መለያ ቁጥር ምዝገባ በጀመረበት ዓመት፣ እኔው ራሴ ከአዳማ አንድ ስልክ ገዝቼ ወሰድኩላት። ካርቶኑ የታሸገ፣ ስሙ የታወቀ፣ መልኩ የሚያኮራ። ዋጋው ትንሽ ቀነስ ማለቱ አጠራጥሮኝ ነበር፤ ግን የወንድም ልብ ርካሽ ሲያገኝ ደስታው ጥርጣሬውን ይበልጥበታል። ሳምንት ሳይሞላው ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርክ የለም። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብለን ስንነካ በስክሪኑ ላይ የወጣው አሥራ አምስት አኃዝ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። ያዩልን ሰው «ይሄ ቁጥር የሌላ ስልክ ነው» አሉን። እህቴ ከአዲስ አበባ አትክልት ተራ የዕለቱን ዋጋ የምትሰማው በስልክ ነበርና፣ ዝም ባለው ስልክ ምክንያት የሁለት ቀን ሽንኩርቷን ደላላ በነገራት ዋጋ ሸጠች። ዋጋው ወጥቶ እንደነበር በኋላ ሰማች።

እንደ መቆጣት ብላ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እኔ መልኩን አይቼ አይደለም የተቀበልኩህ፤ ስሙን ሰምቼ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚያን ስልክ ስም ግን ያወጣው መልአክ አልነበረም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱ ነው። እህቴን የጎዳት የተድበለበለው ጥግ አይደለም። ጥጉማ በቴክኖም፣ በሌላውም ስልክ አለ። ቴክኖ መልኩ ለሌሎች ቢቀርብም በራሱ ስም ይሸጣል፤ ጥቁር ፊት አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ ብሎ የራሱን ነገር ጨምሯል፤ አገራችን ውስጥም መገጣጠሚያ ከከፈተ ዓመታት ተቆጥረዋል። እሱን የገዛ ሰው የገዛውን ያውቃል። ሞጆ ላይ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» ብሎ ጠርቶ ታፔላው «አዳማ» በሚል ከተማ ሲያወርደን ማንም ተጭበርብሬአለሁ ብሎ አያውቅም፤ ግንባሩ ላይ ሌላ የፋብሪካ ስም የተጻፈበትን ሦስት እግርም «ባጃጅ» ብለን ስንጠራው ሾፌሩ አይቆጣም። የተጋራነው ስም ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው አንዱ ሌላውን ነኝ ያለ ዕለት ነው።

የእኛ ሕግስ ምን ይላል? ሕግ የለንም የምትሉ ካላችሁ አለን። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። ንድፉ አዲስ ከሆነና ከተመዘገበ አምስት ዓመት ይጠበቃል፤ እዚህ አገር ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ዓመት ይታደሳል። ምዝገባውን ዛሬ የሚሠራው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። መብቱ ደግሞ እንደ መሬት ነው፤ ከድንበር አይሻገርም። ካሊፎርኒያ የተመዘገበ ጥግ አዳማ ላይ ካልተመዘገበ ባለቤት የለውም። ደስ የሚለኝ አዋጁ «የአስገቢ ፓተንት» የሚባል ነገር ማወቁ ነው። ውጭ አገር ፓተንት ያለውንና እዚህ ያልተመዘገበን ፈጠራ (ንድፍን አይጨምርም) አምጥቶ እዚሁ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው የተወሰነ ጊዜ መብት ይሰጣል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች፣ የሚማር አገር መጀመሪያ ከሌላው እያየ እንደሚሠራ ያወቁ ይመስለኛል። የንግድ ስም ሰርቆ ሌላ መስሎ መሸጥን ግን ሕጋችን በሌላ አዋጅ ይከለክላል። ሁለቱ ለየብቻ መቀመጣቸው ደግ ነው።

ይህን ስል የመልክ ልፋት ልፋት አይደለም ማለቴ አይደለም። ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳምንታት የሚደክምበት ጥለት፣ ባሕር ማዶ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ ሲመጣብን የምንጮኸው እኛው ነን። በአፕል ስቀን በጥለታችን ብናለቅስ ማን ይሰማናል? ጥያቄው ከባድ ነው። የቱ ነው የአንድ ሰው ልፋት? የቱ ነው የሁላችን?

የቅኔ ቤት ሰዎች መልስ ነበራቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት፤ ዋዜማ አምስት። ይህን ልክ የፈለገ ሁሉ ይወስደዋል፤ ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤት ስለ ሠራህ ሰረቅከኝ የሚል የቅኔ መምህር የለም። ትናንት ሌላው የተቀኘውን ዛሬ የኔ ነው ብሎ ማቅረብ ግን ነውር ነው። ልኩ የጉባኤው፣ ወርቁ የባለ ቅኔው።

ይህን እያወቅሁ፣ እያስተማርኩም፣ አንድ ጊዜ ጥፋት ሠርቻለሁ። በማስተማር ላይ ሳለሁ ሁለት ተማሪዎች ያቀረቡልኝ ድርሰት በቅርጹ ቁርጥ አንድ ሆነብኝ። ሁለቱም በጥያቄ ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ሦስት ምክንያት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ተረት ይዘጋሉ። ዘግይቶ ያስረከበውን ጠርቼ በሰው ፊት «ቀድተሃል» አልኩት። «አልቀዳሁም መምህር» አለ። ዜሮ ሰጠሁት። ከዓመት በኋላ ወረቀቶቼን ሳስተካክል የገዛ የማስተማሪያ ማስታወሻዬን አገኘሁ፤ ያ ጥያቄ፣ ያ ቅደም ተከተል፣ ያ ተረት ተጽፎበታል። ልኩን ሁለቱም የወሰዱት ከእኔ ነው! ወርቃቸው ለየቅል ነበር፤ እኔ ግን እስከዚያ አላነበብኩም። ከሦስት ሜትር ርቀት አይቼ ፈረድኩ። ልጁ ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ሄዶ ነበር። አልፈለግሁትም። አፈርኩ፤ ከዚያም ረሳሁ መሰለኝ።

ያስታወሰኝ የፖስታ ቤቱ ወጣት ነው። የስልኬን መስታወት ገጥሞ ሲያበቃ ከደረደራቸው ሦስት ስልኮች ሁለቱን ገልብጦ አሳየኝ። ጀርባቸው ላይ በማርከር «ኮፒ» ተብሎ ተጽፏል።

«ለምን ትጽፍበታለህ?» አልኩት።

«የገዛው ሰው በኋላ ለሌላ እንዳይሸጠው ነዋ ቲቸር። ኮፒ ስሸጥ ኮፒ ብዬ ነው።»

ማርከሩ በሕግ ፊት ነፃ አያወጣውም፤ የሰው ስም ፊት ለፊቱ እንዳለ ነውና። ነገርኩት። «እሱስ ልክ ነዎት» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔም ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ፤ ምክንያቱም ያ ልጅ የሚሸጠውን ዕቃ ሆዱን ከፍቶ አይቶ ነው የሚናገረው። እኔ መምህሩ ያላደረግሁትን።

አንተ ልጅ፣ ስምህን አልረሳሁም፤ ያለ ፈቃድህ ግን እዚህ አልጽፈውም። ይህን የምታነብ ከሆነ ድርሰትህ የራስህ ነበር። ዜሮዋ የኔ ናት።