የሚኒሶታ ፈቃድና የስደተኛው እንቅልፍ

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በጎረቤቷ በሴንት ፖል ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በጭነት መኪና ሥራ የሚተዳደሩ ይገኛሉ። ሌሊቱን መንገድ ላይ፣ ቀኑን በተቆራረጠ እንቅልፍ የሚያሳልፍ ሾፌር ውፍረት፣ የደም ግፊትና ብርቱ ማንኮራፋት ሲደራረቡበት ሐኪሙ ከሚጠረጥራቸው ሕመሞች አንዱ ስሊፕ አፕኒያ ነው። ይህ ሕመም ሰው ተኝቶ ሳለ የጉሮሮው ጡንቻዎች እየላሉ የአየር መተላለፊያውን በመዝጋታቸው ትንፋሹ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ሲሆን፣ ክብደቱ የሚለካው ትንፋሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንዳነሰ በመቁጠር ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል።

ሚኒሶታ ካናቢስን ለሕክምና የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ አገልግሎቱ በ2015 ሲጀመር ካናቢስ የሚፈቀድባቸው ሕመሞች ዝርዝር እንደ ካንሰር፣ ግላኮማና ኤ.ኤል.ኤስ. ያሉ ጥቂት ሕመሞችን ብቻ የያዘ ነበር። ሕጉ ከሕዝብ በሚቀርብ አቤቱታ አዲስ ሕመም እንዲጨመር በር ስለከፈተ፣ በ2017 መጨረሻ ስሊፕ አፕኒያ ከኦቲዝም ጋር እንዲገባ ተወስኖ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። ሐኪሙ ግን ካናቢስን እንደ ሌላ መድኃኒት አያዝም፤ የፌዴራል ሕግ ስለሚከለክለው ሕመምተኛው ለፕሮግራሙ ብቁ የሚያደርገው ሕመም እንዳለበት ብቻ ያረጋግጣል፣ ሕመምተኛውም በግዛቱ መዝገብ ተመዝግቦ ከተፈቀደለት መሸጫ ይገዛል።

በዝርዝሩ መግባት ከፈዋሽነት ማረጋገጫ ጋር መምታታት አይገባውም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2018 ባወጣው የአቋም መግለጫ ካናቢስም ሆነ በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመሳሳዮቹ ለስሊፕ አፕኒያ ሕክምና እንዳይውሉ፣ ግዛቶችም ሕመሙን ከዝርዝራቸው እንዲያወጡ ጠይቋል። ለክርክሩ መነሻ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በዚያው ዓመት ታትሟል፤ ድሮናቢኖል የተባለውን፣ የካናቢስን ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር በሰው ሠራሽ መንገድ የያዘውን እንክብል ለ73 ሰዎች ለ6 ሳምንት ሰጥቶ የተካሄደ ነበር። 10 ሚሊ ግራም የወሰዱት ባዶ እንክብል ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የትንፋሽ መቋረጣቸው በሰዓት ወደ 13 ጊዜ ያህል ቀንሷል። ውጤቱ የሚናቅ ባይሆንም በጥቂት ሰዎች፣ ለአጭር ጊዜና በተለካ እንክብል የተገኘ ነው፤ ከመሸጫ የሚገዛው ዘይትና ቅጠል ደግሞ ያ እንክብል አይደለም።

ለስደተኛው ከሕክምናው ክርክር ይልቅ የሚከብደው የሕጉ ጉዳይ ነው። ሚኒሶታ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላቸው ያለ ሐኪም ወረቀትም ስለፈቀደች፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ ቀድሞ ሐሺሽ ተብሎ የሚሸሸው ነገር አሁን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ቢታይ አያስደንቅም። ሆኖም ሲዲኤል የሚባለው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ በፌዴራል የመድኃኒት ምርመራ ሥር ስለሆነ በሽንት ምርመራ ማሪዋና (ካናቢስ) የተገኘበት ሾፌር የግዛቱን የሕክምና ካርድ ቢያሳይ ተቀባይነት አያገኝም፣ ከመሪው ጀርባም ይነሳል። የዜግነት ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ በግዛት ሕግ የተፈቀደ የማሪዋና አጠቃቀም እንኳ የአመልካቹን መልካም ሥነ ምግባር ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባ እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ «ለእንቅልፌ እጠቀማለሁ» ብሎ በቅንነት ቢናገር፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ራሱ ያመነው ቃል ሊከብድበት ይችላል። ወረቀቱን የፈረመው ሐኪም ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ የመጠየቅ ግዴታ ስለሌለበት፣ ይህን የሚያነሳ ሰው በክሊኒኩ ውስጥ ላይገኝ ይችላል፤ የዜግነት ማመልከቻ ያለው ሰው ከምዝገባው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

የስሊፕ አፕኒያ የተለመደው ሕክምና ግን ሲፓፕ፣ ማለትም አየርን በግፊት በጭምብል እየላከ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው መሣሪያ ሲሆን፣ በአውስትራሊያ ሐኪሞች አማካይነት በ1981 ለሕክምና ዓለም ተዋውቋል። ጭምብሉን የሚጠላው ብዙ ነው፤ መሣሪያው ግን የአጠቃቀሙን መጠን ስለሚመዘግብ ሾፌሩ ለሥራ ብቁ መሆኑን ለሚመረምረው ሐኪም በማስረጃነት ሊያቀርበው ይችላል። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቲርዜፓታይድ የተባለውን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ ክብደት ቀናሽ መድኃኒት፣ ከመጠን በላይ ውፍረት ላለባቸውና መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ላገኛቸው አዋቂዎች አጽድቋል። ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው የጸደቀ መድኃኒት እርሱ ነው፤ ዋጋው ኢንሹራንስ ካልሸፈነው ለብዙ ሾፌሮች የማይቀመስ ቢሆንም፣ ስለ ዜግነት የሚጠይቀው ቅጽም ሆነ የሾፌሩ የሽንት ምርመራ አይፈልገውም።