ሳንጠይቃቸው ያለፉት ፈረሰኞች

ከጪጩ ተነስቶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አስፋልት የያዘ መንገደኛ፣ ግራ ቀኙን ቡናና እንሰት ብቻ ሲያይ፣ ያለፈበት አገር በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሲዳሞ ግንባር እንደነበር አይገምትም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ጥር 1928 ዓ.ም. ገናሌ ዶርያ ላይ በጣሊያኑ ጄኔራል በግራዚያኒ ጦር ከተመቱ በኋላ እጅ አልሰጡም። ወደ ደጋው አፈግፍገው ከአንድ ዓመት በላይ ተዋጉ። ኅዳር 1929 ይርጋለም ተያዘች። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ፣ በዚያው ዕለት ጎገቲ ላይ የራስ ደስታ ጦር ተበተነ። ደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪም እዚያው ወደቁ። ራስ ደስታን አሳድዶ የያዛቸው በካፒቴን ቱቺ የሚመራ፣ ከአገሬው የተመለመለ የባንዳ ጓድ ነበር። የካቲት 17 ተረሸኑ።

ጣሊያን እንዲህ ያሉ መደበኛ ያልሆኑ ጓዶችን በእግርም በፈረስም አደራጅቷል። ከፈረሰኞቹ መካከል ዓለም በስም የሚያውቀው ግን አዛዡን አሜዴኦ ጊዬን ነው። ጥር 1933 ኤርትራ ውስጥ፣ ኬሩ ላይ፣ «የአማራ ፈረሰኛ ባንዳ» የተባለውን ጓድ አስከትሎ ወደ እንግሊዝ መድፍ ጋለበ። ከዚያም ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ፣ የሕይወት ታሪኩ በመጽሐፍ ወጥቶለት፣ በ2002 ዓ.ም. አረፈ። ከኋላው የጋለቡትንስ ማን ጠየቃቸው? በዚህኛው ወገን ከአርበኛው ጋር የዋሉትን፣ በዚያኛው ወገን ለጣሊያን ያደሩትን፣ ለምን እንዳደሩ፣ ማን እንደመለመላቸው፣ ፈረሱ የማን እንደነበር ሳንጠይቅ ቀበርናቸው። በ1929 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ቢኖር ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነው ነበር።

ሰው ቢያልፍም አፈሩ ቀርቶልን ነበር። ሚያዝያ 1931 ጣሊያን መንዝ ውስጥ፣ ዘረት ላይ፣ ዋሻ ውስጥ የተጠለለውን ሕዝብ በመርዝ ጋዝ ፈጀ። ከብዙ ዓመት በኋላ የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ገብተው አጽሙን፣ የእህል ማስቀመጫውን፣ ቀለሃውን መዘገቡ። የዋሻው ሕዝብ ምን ይበላ እንደነበረ፣ በምን እንደተዋጋ ከወለሉ ተነበበ።

በሲዳሞ ኮረብቶችም እንዲሁ ማንበብ ይቻል ነበር። የጣሊያን ቀለሃ ቂጡ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾበታል። የእኛ ሰው ደግሞ ውጅግራም፣ ምንሽርም፣ ሞዘርም ያገኘውን ይተኩስ ነበር። ስለዚህ ቀለሃው በወደቀበት ቦታ ቢመዘገብ የትኛው ወገን የት ቆሞ ይተኩስ እንደነበር መገመት ይቻላል። የፈረስ ጫማ፣ ልጓምና እርካብ ፈረሰኛው ያለፈበትን ይጠቁማሉ። ቀለሃው ከወደቀበት ተነስቶ ኪስ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ለቆራሌው በኪሎ ከተሸጠ ግን ናስ ብቻ ነው።

ቁጭቴን የሚያባብሰው መቻላችን ነው። በዚያው መንገድ አካባቢ ያሉትን የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ተመራማሪ ቆፍሯቸዋል፤ የሳካሮ ሶዶው ዕድሜ ወደ 2000 ዓመት እንደሚጠጋ ታውቋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዩኒቨርሲቲ ዲላ ላይ አለን። ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄደን ማየት ስንችል፣ አያቶቻችን የተዋጉበትን ምድር ዘለልነው። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ አንድ ቴፕ፣ አንድ ደብተር ይበቃ ነበር።

የሽማግሌዎቹ ነገር አልፏል፤ አይመለስም። የአፈሩ ግን ገና ነው። ማሳህን ስትቆፍር ቀለሃ ወይም እርካብ ብታገኝ አትሽጠው፤ የት እንዳገኘኸው ጻፍ፣ ለባህል ቢሮ ወይም ለዩኒቨርሲቲው አሳውቅ። ይህንንም ዕድል ካባከንነው የምናመካኝበት የለንም።